ቁምሳ ፍለጋ በመሃል አዲስ አበባ

ቁርስ ያመለጠው፣ ምሳ ድረስ መቆየት ያቃተው ሰው የሚበላው ምግብ በከተማችን ስም አለው። ቁምሳ ይባላል። ትላልቅ ሆቴሎች «ብራንች» እያሉ እሑድ እሑድ ቡፌ ይዘረጉለታል። እኔ የማወራው ስለዚያ አይደለም። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከአንድ ሁለት ጓደኛ ጋር በእግር እየዞሩ ስለሚበሉት ነው።

ዓመታት ፈጅቶ የገባኝን ነገር መጀመሪያ ልናገረው። የምትበሉበትና ማኪያቶ የምትጠጡበት ቤት አንድ መሆን የለበትም። ፉሉ የሚያስደንቅ ቤት ቡናው ብዙ ጊዜ አይረባም። ማኪያቶው የሚጣፍጥ ካፌ ደግሞ ፍርፍር የሚሠራው ለወጉ ያህል ነው። ሁለቱንም ከአንድ ጠረጴዛ ስንጠብቅ ነው መካከለኛ ነገር በልተን፣ መካከለኛ ነገር ጠጥተን፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለን የምንወጣው። ስለዚህ ከታች ያለው መመሪያ የአንድ ካፌ ሳይሆን የሁለትና የሦስት ቤት ጉዞ ነው።

1. መጀመሪያ ካላንደር እዩ

ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ግን የለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ባትጾሙም ነገሩ ይመለከታችኋል። ወጥ ቤት የሚያበስለው ለብዙኃኑ ነውና።

ረቡዕ ዕለት በያይነቱ ከድስት ከወረደ ቶሎ ያልቃል፣ ሌላ ይጣዳል። ሽሮው ትኩስ፣ ጎመኑ አረንጓዴ እንደሆነ ይመጣል። በዚያው ቀን ጥብስ የሚያዝዝ ግን ጥቂት ነው። ስጋው መቼ እንደገባ የሚያውቀው ፍሪጁ ብቻ ነው። እኔ እንግዲህ በጾም ቀን የጾም፣ በፍስክ ቀን የፍስክ እበላለሁ። የሃይማኖት ምክር አይደለም፣ የፍሪጅ ምክር ነው።

ከእናንተ ጋር በእውነት የሚጾም ሰው ካለ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። አክስቴ ከደብረ ብርሃን የመጣች ጊዜ፣ ዓርብ ቀን፣ ስሙን የማልጠራው ካፌ ወስጄ «የጾም ጨጨብሳ» አዘዝኩላት። መጣ። ሳትነካው ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ቅቤ ነው» አለች።

አስተናጋጁ ደነገጠ። «ኧረ እማማ፣ በዘይት ነው የተሠራው፤ እኔ ራሴ ነኝ የጾም ብዬ ያዘዝኩት።»

«ልጄ፣ እኔ ቅቤ ሳነጥር ነው ያረጀሁት።»

ወጥ ቤት ገብቶ ተመለሰ። ዘይቱ ዘይት ነው። መጥበሻው ግን ጠዋት ቅቤ የዋለበት ነው። አክስቴ ሻይዋን ጠጥታ፣ ልጁን መርቃ ወጣች። ከዚያ ወዲህ «የጾም አላችሁ?» ብዬ አልጠይቅም። «መጥበሻው ለብቻ ነው?» ነው የምለው። መልሱ ሲዘገይ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።

እሑድን በተመለከተ፦ በብሔራዊ፣ በሜክሲኮና በለገሃር በኩል ብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች የሚኖሩት በቢሮ ሠራተኛ ነው። እሑድ ወይ ይዘጋሉ ወይ የቅዳሜን ያሞቃሉ። ቅዳሜ ይሻላል።

2. ሰዓቱን አትሳቱ

የቁምሳ ሰዓት ከ3፡30 እስከ 5፡00 ነው። ከዚያ በፊት ከሄዳችሁ ቁርስ ከሚሯሯጠው ጋር ትጋፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ከሄዳችሁ «አልቋል» የሚለውን ቃል ትሰማላችሁ።

«ፉል አልቋል» ሲሏችሁ አትከራከሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ስለዚህ ማታ ይዘፈዘፋል፣ ለረጅም ሰዓት በቀስታ ይንተከተካል። ረፋድ ላይ ድስቱ ከተገለበጠ በግማሽ ሰዓት ሌላ ፉል የሚወልድ ወጥ ቤት የለም። እንዲያውም በ6 ሰዓት «ፉል ሞልቷል» የሚል ቤት እኔን ያሳስበኛል።

ለምሳ ደግሞ ከ6፡15 እስከ 7፡30 ያለውን ሽሹ። የባንኩ፣ የሚኒስቴሩ፣ የሱቁ ሰው አንድ ላይ ይወጣል። ወንበር ብታገኙም አስተናጋጅ አታገኙም።

3. አንድ ሰፈር ብቻ ምረጡ

«ፒያሳ በልተን ካዛንቺስ ቡና ጠጥተን» የሚል ዕቅድ ወረቀት ላይ ያምራል። ቅዳሜውን ግን ታክሲ ይበላዋል። አንድ ሰፈር ያዙና በእግር ጨርሱት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ አራት ኪሎን እመክራለሁ። ተማሪ ያለበት ሰፈር ነው፤ ተማሪ ያለበት ደግሞ ርካሽና የሚያጠግብ ምግብ አለ። ጁስ ቤቱ፣ እርጥብ የሚሸጠው፣ ፉል ቤቱ ተጠጋግተው ነው ያሉት። ከበላችሁ በኋላ ወደ አምስት ኪሎ ሽቅብ ብትሉ ብሔራዊ ሙዚየም ትደርሳላችሁ። ትንሽ ዳገት ነው፣ ለጨጨብሳ ግን ዳገት መድኃኒቱ ነው። መጽሐፍ የሚወድ ጓደኛ ካላችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም እዚያው ነው። ግን መጀመሪያ ይብላ፤ ከገባ አይወጣም።

ፒያሳ ሌላ ታሪክ ነው። ስሟ ራሱ ጣልያንኛ ነው፣ አደባባይ ማለት ነው። ማኪያቶውም፣ ፓስታውም፣ ኬክ ቤቱም የዚያ ዘመን ርዝራዥ ናቸው። ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና የሚቆላው እዚያ ነው። ቁጭ ተብሎ የሚወራበት ቤት አልነበረም፤ ረጅሙ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ ጠጥቶ መውጣት ነው ወጉ። የቁምሳ ሁለተኛ ማረፊያ ይሁን ብላችሁ ብታስቡ አይከፋም። እቴጌ ጣይቱ ሆቴልም ከዚያ ሩቅ አይደለም። በአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው፣ በጾም የምሳ ቡፌውም ስም አለው። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ እሳት ጎድቶት ነበር። እንግዳ ከውጭ ከመጣባችሁና «ታሪክ ያለበት ቦታ» ካላችሁ እዚያ ውሰዱት።

ብሔራዊ ቴአትር፣ ስታዲየምና ለገሃር በሥራ ቀን ለምሳ ናቸው። ከሩቅ ለምትመጡ ቀላል ባቡሩ ስታዲየምም ለገሃርም ይቆማል።

ቦሌን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ለቦሌ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።

4. ቤቱ መኖሩን አረጋግጡ

ይሄ የድሮ መመሪያ ውስጥ አልነበረም። አሁን ግን ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲገባ፣ ቀጥሎም በ2017 ካዛንቺስ ሲደርስ፣ ብዙ የምናውቃቸው ቤቶች ፈርሰዋል ወይም ሰፈር ቀይረዋል። (ካዛንቺስም ስሟ ከጣልያን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከሚባለው ተቋም፤ ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች።) ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ካፌውን ያሳያችኋል፣ ስትደርሱ የእግረኛ መንገድና ሣር ታገኛላችሁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በቅርቡ የሄደ ሰው ጠይቁ። «አሁንም አለ?» በሉ፣ «የት ነበር?» አይደለም። ፈልጋችሁ ያጣችሁት ቤት ካለ ደግሞ አጠገቡ የነበረውን ሊስትሮ ወይም የጋዜጣ አዟሪ ጠይቁ። የት እንደገባ ብዙ ጊዜ ያውቃል። ጥሩው ዜና ደግሞ ይሄ ነው፦ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለውን መንገድ ጉድጓድ ሳትቆጥሩ ትሄዳላችሁ። ለቁምሳ ፍለጋ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

5. ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ዙር

ሁለት ሦስት ቤት በር ላይ አልፋችሁ ተመልከቱ። የሚታየው ይሄ ነው፦

ማን ነው የሚበላው? የታክሲ ሹፌርና ረዳት የሞሉበት ቤት ፈጣን፣ ትኩስና የማያታልል ነው፤ በየቀኑ ይመጣሉና። በየጠረጴዛው ውሃ ብቻ ያለበት ቤት ሰው ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ የገባበት ነው።

እጅ መታጠቢያው ጋ ሂዱ። ሳሙና አለ? ውሃ በጠፋበት ቀን ሰው በጆግ የሚያስታጥብ ቤት ካያችሁ ግቡ። እንግዳውን የሚያስብ ቤት ሳህኑንም ያጥባል።

ሜኑው መጽሐፍ ካከለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። አንድ ጊዜ ለአራት ሰዎች ከወፍራም ሜኑ ላይ ስድስት ዓይነት ምግብ በተራ ጠየቅን። «የለም»፣ «አልቋል»፣ «እሱ በጾም ብቻ ነው»፣ «ማሽኑ ተበላሽቷል»፣ «እሱን ማታ ነው የምንሠራው»፣ «እሱ እንኳ ምን እንደሆነ አላውቅም»። የመጨረሻውን መልስ እስከ ዛሬ እወድላታለሁ።

መብራት ከጠፋ ደግሞ ከመቀመጣችሁ በፊት «ማሽን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምግቡን እዚያው በልታችሁ ቡናውን የጀበና ቡና ወደሚፈላበት ጥግ ማዛወር ትችላላችሁ። ጀበና መብራት ኃይልን አይጠብቅም።

6. እዘዙ፣ ግን ሜኑ አታንብቡ

የሜኑ ጥያቄ አንድ ነው፦ ዛሬ ምን ደርሷል?

«እህት፣ ዛሬ ምን ደርሷል?»

«ጨጨብሳ፣ ፈጢራ፣ እንቁላል ስልስ፣ ፉል ኖርማልና ስፔሻል፣ ቅንጬ አለ።»

«ቅንጬው መቼ ነው የወጣው?»

ሳቅ አለች። «ፉሉን እዘዝ።»

እንዲህ ዓይነት አስተናጋጅ ካገኛችሁ አትልቀቋት። ስሟን ጠይቃችሁ ያዙ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱ።

ሦስት ሰው ሆናችሁ ሦስት ምግብ አታዙ። አንድ ስፔሻል ፉል፣ አንድ ጨጨብሳ፣ ተጨማሪ ሁለት ዳቦ። ይበቃል። ካልበቃ እንቁላል ስልስ ትጨምራላችሁ፤ ቶሎ የሚደርስ ነው።

ፉሉ ሲመጣ ለአፍታ እዩት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የተደቆሰው ባቄላ ዳር ዳሩ ላይ አሁንም ይንጨረጨራል። መሃሉ ላይ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተቆልሏል። ስፔሻል ከሆነ እንቁላል ፍርፍሩ በአንድ በኩል፣ አቮካዶው በሌላ በኩል፣ እርጎው ደግሞ እላዩ ላይ ቀዝቃዛ ሆኖ እየቀለጠ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማንኪያ ያነሣና ሁሉንም ያማስላል። አንድ ወጥ ግራጫ ነገር ይሆናል። አታማስሉት። ዳቦውን ቁረሱና ከዳር ጀምሩ፤ አንዱ ጉርሻ ባቄላና ቃሪያ፣ ቀጣዩ ባቄላና እርጎ ይሁን። ቅቤው የሚጠራቀመው ከሥር ነው፣ መጨረሻ ላይ ዳቦ የምታጠቅሱበት። ሎሚ ካለ ጠይቁ፤ ሳይጠየቅ የሚመጣበት ቤት ጥቂት ነው።

ጨጨብሳን በተመለከተ፣ ማሩን ለብቻ አስመጡ። እላዩ ላይ አፍስሰው ካመጡት ቂጣው ይለሰልሳል፣ በርበሬውም ይጠፋል። ሁለቱንም የሚወድ አለ፣ አልጣላውም። ግን ምርጫው የእናንተ ይሁን።

7. ተነሱና ለማኪያቶ ሌላ ቤት ግቡ

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰንፈው። ጠግባችኋል፣ ወንበሩ ሞቋል፣ አስተናጋጇም «ምን ይጠጣ?» እያለች ነው። ተነሱ። ሂሳብ ከፍላችሁ አምስት ደቂቃ ተራመዱ።

ማኪያቶ በጣልያንኛ «ነጠብጣብ ያለበት» እንደማለት ነው። እዚያ ቡናው በጥቂት ወተት ይነካካል። የእኛ ከዚያ ይለያል፤ ወተቱ ይበዛል፣ በብርጭቆ ይመጣል። ጥሩ ማኪያቶ በብርጭቆው ጎን ይታወቃል። ከሥር ነጭ፣ መሃል ላይ ቡናማ መቀነት፣ ከላይ ወፈር ያለ አረፋ። መስመሮቹ ተቀላቅለው አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆኑ ወይ ባሪስታው ቸኩሏል ወይ ወተቱ በደንብ አልተመታም። ስኳር ስትጨምሩ አረፋው ላይ ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከሰመጠ ጥሩ ቤት ገብታችኋል።

ስታዙ «ማኪያቶ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» በሉ። ካላላችሁ ቤቱ ደስ እንዳለው ይሠራል። ቡናም ሻይም ያማራችሁ ቀን «ስፕሪስ» አለ፤ ግማሽ ሻይ፣ ግማሽ ቡና። ጁስ ቤት ስፕሪስ ካላችሁ ግን በየቀለሙ የተደረደረ ጁስ ይመጣላችኋል፤ ስለዚህ የት እንደተቀመጣችሁ እወቁ። ጾም ከሆነ የኦቾሎኒ ሻይ ጥሩ መውጫ ነው። በአኩሪ አተር ወተት የጾም ማኪያቶ የሚሠሩም አሉ። ሞክሬዋለሁ። ክርክር ውስጥ አልገባም።

ኬክ ካማራችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ወደ መስታወቱ ሂዱና በዓይናችሁ ምረጡ። ሚሌ ፎሊ ጠዋት ነው የሚበላው፤ ከሰዓት በኋላ ንብርብሩ ረጥቦ ማኘክ ይፈልጋል።

8. ወደ ምሳ ከተሸጋገራችሁ

ወሬው ካላለቀ 7፡30 ይሆናል። ያኔ ምሳ ቤቱ ተንፍሷል። በጾም ቀን በያይነቱ፣ ሱፍ ፍትፍት ካለም እሱን ጨምሩ። በፍስክ ቀን ለሦስትና ለአራት ሰው ማኅበራዊ ይበቃል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ተጋቢኖ እዘዙ፤ በሸክላው እየተንተከተከ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ መሞቁን ማንም ሊያታልላችሁ አይችልም። መጀመሪያውን ጉርሻ ግን ቀዝቀዝ አድርጉት። ምላሴን የላጠኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

አቮካዶ ጁስ ደግሞ መጠጥ እንዳይመስላችሁ። በማንኪያ የሚበላ ነገር ነው። ከበያይነቱ በኋላ ካዘዛችሁት ቤት ድረስ የሚሸከማችሁ ሰው አዘጋጁ።

9. ሂሳብ

ከማዘዝ በፊት «ዋጋው ቫት አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ቫት 15 ከመቶ ነው፤ ለአንድ ሻይ አይታወቅም፣ ለአራት ሰው ምሳ ግን ይታወቃል። በቴሌብር ወይም በባንክ መላክ የተለመደ ነው፣ ቁጥሩ ካሸሩ ፊት ተለጥፏል። ቢሆንም ኔትወርክ የሚጠፋው ልክ እናንተ መክፈል ስትፈልጉ ነውና ጥሬ ብር ያዙ። ለአስተናጋጁ የምትተዉትን ጉርሻም በእጁ ስጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ከተተወ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የሚቀረው ትልቁ ጣጣ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። «በሞቴ»፣ «ተው እንጂ»፣ «ባለፈውም አንተ ነህ የከፈልከው»፤ አስተናጋጁ መሃል ላይ ቆሞ ወደ እሱ የተዘረጉትን ሦስት ስልኮች ያያል። የእኔ ዘዴ ያረጀ ቢሆንም ይሠራል። የመጨረሻው ጉርሻ ሳይነሳ «እጄን ልታጠብ» ብዬ እነሳለሁ። መታጠቢያው ካሸሩ አጠገብ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ መንገድ ሄጄ «የዚያኛው ጠረጴዛ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ ካሸሯ ወደ ጓደኛዬ በአገጯ ጠቆመችኝ። እሱ ሲገባ ነበር እጁን የታጠበው።